የወታደር ሽብሩ ሁለት አሟሟት

በጨረቃዋ ከተማ ሙሾ የሚያወርደው ማሽን ነው። አስለቃሽ ይሉታል። የሟቹን ስም ሲነግሩት ደረቱን እየደቃ ይገጥማል፤ እንባው ባልዲ ይሞላል። አንድ ጊዜ ተሳስተው ሠርግ ቤት ቢያስገቡት ሙሽራው የገዛ ራሱን ሞት አምኖ ፍራሽ ላይ ተቀመጠ አሉ።

ለወታደር ግን ሥራው ይከብዳል። እያንዳንዱ ወታደር ደረቱ ውስጥ ጥቁር ሳጥን የሚሏት፣ ባቄላ የምታክል፣ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ድምፁን የምትቀዳ ዕቃ ተቀብራበታለች። አስለቃሹ እሷን ይውጥና ፍርሃቱን በማጣሪያ አስቀርቶ ጀግንነቱን ያንጎራጉራል።

የእትዬ ደብሪቱ ልጅ የሽብሩ ለቅሶ ዕለት ማጣሪያው ተበላሸ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። አስለቃሹ አፉን ሲከፍት የሽብሩ የራሱ ድምፅ ወጣ፦

«እማዬ! እግሬ የለም! እማዬ፣ ጓዶቼ ሬዲዮውን ዘጉብኝ! እማዬ...»

ሳጥኗ ሦስት ቀን ሙሉ የቀዳችው ይህንኑ ነበር።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምመላሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደብሪቱ፣ የሰፈራችን ልጆች እኮ እንዲህ አልሞቱም። የኔው እንኳ እየዘፈነ ነው የሞተው።»

ቴክኒሻኑን ዘርይሁንን ላብ አጠመቀው። የጋሽ ደምመላሽን ልጅ ድምፅ ያጣራው እሱ ነው፤ እንዴት ይዘፍን እንደነበር ያውቃል።

«እትዬ፣ ማጣሪያውን መጠገን እችላለሁ» አላቸው በጆሯቸው። «ግን ካጣራሁት ይሄኛው ይጠፋል። ቅጂ የለውም። ከሽብሩ የቀረው ድምፅ ይሄ ብቻ ነው።»

እትዬ ደብሪቱ ሰዉን ቃኙ። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች።

«የኔ ልጅ አያለቅስም» አሉ። «አጥፋው።»

አጠፋው። አስለቃሹ፣ ሽብሩ አርባ ጠላት በጥርሱ ዘንጥሎ፣ ታንክ በክርኑ ገልብጦ፣ እየሳቀ መውደቁን ገጠመ። ድንኳኑ በዋይታ ተናጋ። እትዬ ደብሪቱ ከሁሉም በላይ ዘለሉ፤ ፊታቸውን ነጩ።

«ሞት ማለት ይሄ ነው!» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

በማግስቱ ጠዋት ዘርይሁን የሥራ ቤቱን ሲከፍት እትዬ ደብሪቱ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኝ።»

«ጠፍቷል እኮ፣ እትዬ።»

«አንተ ሰምተኸው የለ? በል፣ እንደሱ ጥራኝ።»

ዘርይሁን ግራ ቀኙን አየና በሹክሹክታ «እማዬ» አለ።

«ጩኽ እንጂ! እግርህ እኮ የለም!»

«እማዬ!»

እትዬ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አልመሰልከውም» አሉ። «እንደገና።»