ቅዝቃዜ ላይ የተኛው መርፌ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ነገር ላውራችሁ፤ እዚሁ ከተማችን ባያሞ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ጋራዥ የሆነ ነው።

ኤሊሴዮን ለምሳ ልትጠራው የመጣችው ሚስቱ ኒዩርካ ናት። የጋራዡ በር ወደ ታች ተስቧል፤ ከስሩ ያለው ክፍተት ከውጭ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅጥቋል። ውስጥ፣ ኤሊሴዮ ከአባቱ የቀረችለት አሮጌ መኪና ሞተሯ ይሠራል። ባሏ ራሱን ከዳሽቦርዱ ስር ቀብሮ፣ ሽቦ እንደጨበጠ፣ በጭሱ ታፍኖ ሞቷል።

መርማሪ ዛይዳ ስትደርስ የፖሊስ አምሳ አለቃው ሽማግሌውን መካኒክ ኦብዱልዮን አስሮት ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ሞተሩን የቀየረው እሱ ነው፤ ትናንት ሲሰዳደቡም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ዛይዳ ግን መጀመሪያ የሟቹን ወንድም ራሚሮን አስጠራች። ያን ሰሞን ሳንቲያጎ ከተማ ቆይቶ ትናንት መግባቱ ነው።

«መቼ አየኸው?»

«ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሰላም ብዬው ሄድኩ።»

«ሞተሩ ይሠራ ነበር?»

«ኧረ ገና አላስነሳውም። ቁልፉን ከፍቶ ሽቦ ይነካካ ነበር። የሙቀት መለኪያው መርፌ እንኳ ቅዝቃዜ ላይ ተኝቷል፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ጻፈችው። ከዚያ ወደ ኦብዱልዮ ዞረች።

«ትናንት ምን አጣላችሁ፣ አባባ?»

«ሞተሩን ያወጣሁለት ከተገለበጠ የሩሲያ መኪና ነው፤ ሙቀቱን ለመለኪያው የሚነግረው ሴንሰርም ከሱ ጋር መጣ። መለኪያው ግን የአባቱ የሃምሳ አንድ ሞዴል ነው። ሁለቱ አይግባቡም። ‹አበላሸሃት› አለኝ፤ ‹የተበላሸኸው አንተ ነህ› አልኩት። እኛ እኮ እንዲህ ነው የምንጨዋወተው።»

«አይግባቡም ሲሉ?»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ አስረዳት። ዛይዳ የጻፈችውን መልሳ አነበበች።

ኒዩርካም ጨመረችላት፦ «ቅዳሜ መኪናዋን ይዘን ኦልጊን ከተማ ለኑሮ ልንሄድ ነበር። ራሚሮ ‹የአባቴ መኪና ከባያሞ አትወጣም፤ እሷን ነድቼ ካልሠራሁ እኔስ በምን ልኑር?› እያለ ነበር። ኦብዱልዮ ግን ልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። እባክሽ፣ እዚያ እስር ቤት እንዳይሞትብኝ።»

ሽማግሌው ያን ሌሊት እስር ቤት አደረ። በማግስቱ ጠዋት ዛይዳ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰብስባ በሩን እስከ ላይ አስከፈተች።

«ራሚሮ፣ ሞተሩን ዳስሰው።»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«አሁን ቁልፉን ክፈት፤ አታስነሳው። መርፌው የት ነው?»

ራሚሮ ትኩር ብሎ አየ። «ሙቀት ላይ» አለ፤ ድምፁ ወረደ።

«አስነሳው።»

ኒዩርካ የሽማግሌውን እጅጌ ይዛለች። ሞተሩ እየጋለ ሲሄድ መርፌው ቀስ፣ ቀስ እያለ ወርዶ ቅዝቃዜ ላይ ተኛ።

«ሞተሯ ከተቀየረ ወዲህ የምታሳየው በግልባጩ ነው» አለች ዛይዳ። «ይህን የሚያውቁት ኤሊሴዮና ኦብዱልዮ ብቻ ናቸው፤ ኦብዱልዮ ቢዋሽ ኖሮ ‹መርፌው ሙቀት ላይ ነበር› ይል ነበር። ሞተሩ ሳይነሳ መጥተህ ቢሆን መርፌውን ሙቀት ላይ ታገኘው ነበር። ቅዝቃዜ ላይ ያየኸው ሞተሩ ሲግል ነው። አንተ የምታውቀው የድሮውን መርፌ ነዋ፤ እሱኑ ምስክር አድርገህ አመጣህልኝ። ሲሠራ እያየኸው ‹አልተነሳም› ያልከው ለምንድን ነው?»

አምሳ አለቃው የሽማግሌውን እጅ ፈታ።

ራሚሮ ሞተሩን አጠፋ። «ከዳሽቦርዱ ስር ሆኖ ነው ያናገረኝ» አለ። «‹ቅዳሜ እንሄዳለን› አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። በሩን ሳብኩት።»

ኒዩርካ ያን ሴንሰር አላስቀየረችውም። ዛሬም መኪናዋን ትነዳታለች፤ መርፌው ሲወርድ ጥግ ይዛ ትቆማለች፣ እስኪበርድላት። እንግዲህ ልጆቼ፣ መንገድ ዳር ቆማ ካያችኋት ጥሩንባ አትንፉባት። ኤሊሴዮን አስታውሱልኝና በቀስታ እለፏት።