የቀኙ ጫማ

«ጎበዝ፣ ዛሬ ሦስተኛህ ነው» አለ ጥንቸሉ።

በቁመቷ ቀጭኔ የሚሏት ልጅ እጇ ባለበት ቆመ። በግራ እጇ የትምህርት ቤት ጫማዋን፣ በቀኟ የጫማ ብሩሹን ይዛለች። ስልኩ እንደ ወትሮው መታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ከተሰነጠቀው ስክሪን ውስጥ ጥንቸሉ ሁለት ነጫጭ የፊት ጥርሶቹን አሳይቶ ያያታል።

ሦስተኛ? ከትምህርት ቤት ከመጣች ጀምሮ ስልኩን የነካችው ገና አሁን ነው። ጫማውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ መዝገቡን ከፈተች። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ አንድ ኮከብ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ አንድ ኮከብ። በዚያ ሰዓት እሷ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ እናቷም ሥራ ላይ። ቤት የነበረው የስድስት ዓመት ወንድሟ ድንቡሼ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የጥርስ ብሩሽ ሲያይ ድመት ውሃ እንደሚሸሽ የሚሸሽ ልጅ ነው።

ብርጭቆው ውስጥ የቆመውን ትንሽ የጥርስ ብሩሽ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። ጭራሽ አቧራ ይዟል።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ነው። የድንቡሼ የጥርስ ሐኪም በእናታቸው አሮጌ ስልክ ላይ መተግበሪያውን ጫነችና አሠራሩን አስረዳች። ልጁ ሁለት ደቂቃ ሲቦርሽ ስልኩ የብሩሹን ድምፅ ይሰማል፤ ጥንቸሉ ይቆጥራል፤ ሲያልቅ ኮከብ ይወድቃል፤ እናትየውም ያለችበት ቦታ መልእክት ይደርሳታል። እስከ ቀጠሮው ቀን ሃምሳ ኮከብ የሞላለት ልጅ ጥሩ ይዟል ማለት ስለሆነ፣ ቀጠሮው በሦስት ወር ይራዘምለታል። እናታቸው ከሁሉም ይህችን ወደደቻት። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ እዚያ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ጥርስ ከመነቀል ይብሳል ትላለች።

«እኔ እስክመጣ እናቱ አንቺ ነሽ» ብላ ስልኩን ለቀጭኔ ሰጠቻት።

የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነበር። ድንቡሼ አፉን ገጥሞ ይይዛል፣ ብሩሹን ይነክሳል፣ ሲብስበት ጣቷን ይነክሳል። አንድ ቀን አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አላት። እሷም ተስፋ ቆርጣ፣ መተግበሪያውን መዝጋት ረስታ፣ ጫማዋን ለነገ መቦረሽ ጀመረች። ጥንቸሉ ጆሮውን አቆመ። «አንድ፣ ሁለት፣ አሁን ወደ ኋላ ጥርስ፣ ቀስ እያልን» አለ። ኮከብ ወደቀ። ወዲያው እናቷ ከሥራ ቦታ ደወለች፤ ድምፅዋ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ነበር፤ መልእክቱን ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ አሳይታለች። ለዚያ ሳቅ «ጫማ ነው» ብሎ መመለስ እንዴት ይቻላል?

በማግስቱም ጫማ ሆነ። በሳልስቱም። ፈተና ደርሶ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ጫማ መቦረሽ ግማሽ ሰዓት ከመታገል ይቀላል። ሁልጊዜ የምታነሣው ለእጇ የሚቀርበውን የቀኙን ጫማ ነው። ስለዚህ የቀኙ እንደ መስታወት ሲያበራ የግራው አመድ ለብሶ ቀረ። ክፍል ውስጥ ልጆቹ «ቀጭኔ፣ አንዱን እግርሽን ሠርግ ጠርተውታል እንዴ?» እያሉ ይፎግሯት ጀመር።

ድንቡሼ በር ላይ ቆሞ ያያታል። የሚያየው እሷን ሳይሆን ጥንቸሉን ነው። ጥንቸሉ መጀመሪያ ላይ ቢጫ ጥርስ ነበረው፤ ጉንጩም በፋሻ ታስሮ ነበር። ኮከቡ በበዛ ቁጥር ጥርሱ ነጣ፤ አንድ ቀን ደግሞ ፋሻውን ፈትቶ ወረወረው።

ያለፈው እሑድ ድንቡሼ ጥርሱን እንደሚያመው ለእናቱ ነግሯት ነበር። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ኮከቦቹን ቆጠረችለት። ይህን ያህል የሚቦርሽ ልጅ ጥርሱን አያመውም፣ ምሳ ላለመብላት ነው እንጂ፣ ብላ ግንባሩን ሳመችው። ቀጭኔ እዚያው ነበረች። ሰሃኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን መኝታ ክፍል ገብታ አየችው። ጉንጩን ትራሱ ላይ ለጥፎ ተኝቷል።

«ድንቡሼ፣ ዛሬ ጥርስህን ቦርሸሃል?»

«አልቦረሽኩም።»

«ስልኩንስ ነክተሃል?»

ዞሮ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ራት ሲቀርብለትም ጠግቤያለሁ አለ።

በማግስቱ የመጨረሻው ፈተና ቶሎ አልቆ ቀጭኔ በጊዜ ወደ ቤት ተመለሰች። ደረጃው ላይ ጎረቤታቸውን አገኘቻት። ድንቡሼን ከመዋለ ሕፃናት አምጥታ በር የምትከፍትለት፣ ከዚያም በግድግዳው በኩል ጆሮዋን ጥላ የምትጠብቀው እሷ ናት። ልጁ እንደማያስቸግራት ነገረቻት። ከዚያ መውጣት ጀምራ መለስ አለች።

«ያ ጥንቸላችሁ ግን ደስ አይለኝም፣ የኔ ልጅ። ልጁ ሲያለቅስ እሱ ይስቃል።»

ቀጭኔ ቁልፉን ቀስ ብላ አዞረችው። ቤቱ ጭር ብሏል፤ መጋረጃው ተዘግቶ ሳሎኑ ደብዝዟል። በሩ አጠገብ አንድ ትንሽ ጫማ ብቻውን ተቀምጧል። የግራው ነው።

ከመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ ይመጣል። ፍትግ፣ ፍትግ፣ ፍትግ። በመካከሉ ያ ለስላሳ ድምፅ፦ «አሁን ወደ ኋላ ጥርስ፣ ቀስ እያልን።»

በሩ ገርበብ ብሏል። ቀጭኔ መጀመሪያ ያየችው መስታወቱን ነው። እዚያ ውስጥ የወንድሟ ግማሽ ፊት ይታያል፤ አንደኛው ጉንጩ ከሌላው እጥፍ ሆኗል። ለካ ስንት ቀን ድንቡሽቡሽነት ነው ብላ ስትቆነጥጠው የከረመችው እብጠት ነው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የራሱን የቀኝ ጫማ ታቅፎ፣ በእሷ የጫማ ብሩሽ ይፈትጋል። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። እንባው በእብጠቱ ላይ እየወረደ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱም እዚያው ይቦርሸዋል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

«ጥርሴን» አለ ድንቡሼ፣ እጁን ሳያቆም።

«ይሄ ጫማ ነው እኮ።»

«አንቺ ስትቦርሺለት እሱ ዳነ። ፋሻውን ፈታ።» በአገጩ ወደ ስልኩ አመለከተ። «እኔ ብዙ ቀን ቦረሽኩ። እኔን ግን አልተሻለኝም። እታለም፣ በግራው ጫማ ነው እንዴ የሚሆነው?»

ስልኩ ጮኸ። ኮከብ ወደቀ። ጥንቸሉ በአንድ እግሩ እየዞረ ጨፈረ። «ሃምሳ ሞላ! በጣም ጤነኛ ጥርስ! የነገው ቀጠሮህ በሦስት ወር ተራዝሟል።» ከዚያም ሳቀ፤ ረጅም፣ የማያልቅ የሚመስል ሳቅ።

ቀጭኔ ወንድሟን መስኮቱ አጠገብ አቁማ አፉን አስከፈተችው። የኋለኛው ጥርስ መሐሉ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፤ ድዱ ቀልቷል፤ ትንፋሹ ይሸታል። ግንባሩን ስትነካው እንደ ካውያ ይፋጃል።

ኪሷ ውስጥ የራሷ ስልክ ነዘረ። እናቷ ናት። ከጀርባዋ የማጠቢያ ማሽኖቹ ይጮኻሉ። መልእክቱ እንደደረሳት፣ ሴቶቹ ሁሉ እንደመረቋት፣ ለነገ የወሰደችውን ፈቃድ ለአለቃዋ ልትመልስ እየሄደች እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። «የኔ ወርቅ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አለች።

ቀጭኔ ግድግዳውን ተደገፈች። ማለት የምትችለው ነገር ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ዛሬ ድንገት አመመው፤ ጠዋት ደህና ነበር፤ ስልኩ ተሳስቶ ይሆናል። እናቷ ታምናታለች። ሐኪሟም ስልኩን ትወቅሳለች። ድንቡሼ ደግሞ «የቦረሽነው ጫማ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? እሑድ ዕለት ማን ሰማው?

ልጁ የጫማ ብሩሹን እንደያዘ ቀና ብሎ ያያታል።

«እማዬ፣ ፈቃዱን አትመልሺው» አለች።

«ምነው?»

«ነገ ሐኪሟ ጋ መሄድ አለብን። ስትመጪ የማሳይሽ ነገር አለ። እሱ አይደለም ያጠፋው፣ እኔ ነኝ።»

እናቷ አሁኑኑ እንደምትመጣ ተናግራ ስልኩን ዘጋች።

ቀጭኔ ውሃ ለብ አድርጋ ጨው ጨመረችበትና ወንድሟን አጉመጠመጠችው። አልነከሳትም። ሶፋው ላይ አጋድማው ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ጉንጩ ላይ ያዘችለት። ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ጨለማው ከጥግ ከጥግ ይመጣል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ስልኩ በራሱ ጊዜ በራና ሰማያዊ ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ፈሰሰ።

«ድንቡሼ» አለ ጥንቸሉ። «የት ነህ? እንቦርሽ?»

ድንቡሼ እጇን ጨበጠ። «ካልቦረሽንለት መልሶ ያመዋል?»

«እሱን አያመውም» አለችው። «አሞትም አያውቅም።»

«ድንቡሼ፣ የት ነህ?» አለ ጥንቸሉ እንደገና።

ደረጃው ላይ የእናታቸው ኮቴ ተሰማ፤ ከወትሮው ይፈጥናል። ቀጭኔ ተነሥታ የቀኝ እግር ጫማዋን አመጣችና ጠረጴዛው መሐል፣ እናቷ ሁልጊዜ ስልኳን የምታስቀምጥበት ቦታ ላይ አኖረችው። ከጎኑ እንባው ገና ያልደረቀበትን ትንሹን ጫማ፣ ከዚያም አቧራ የያዘውን የጥርስ ብሩሽ አስቀመጠች። መብራቱን አበራች።

ከዚያ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች።