ስድሳ ሦስተኛው የራን ትርጉም

መቶ አለቃ አለምብርሃን ከዚራ ሰፈር ካለው የአቶ ቡልቻ ቪላ ሲደርስ፣ ሁለት ፖሊሶች «ገዳይዋን ይዘናል» ብለው ዛፍ ጥላ ሥር ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ሬሳውን ገና ሳያይ ደሙ ፈላ። የያዙት የቤቱን ወጥ ሠሪ ዛምዛምን ነው፤ እጇን በገመድ አስረው ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋታል።

«ፈታችሁ ጥላ ውስጥ አስገቧት» አለ። «መቼ ነው የሞተው?»

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ተኝቶ ሳለ» አለ አንዱ ፖሊስ። «ጠዋት ስትጮህበት ጎረቤት ሰምቷል። ሳህንም ወርውራበታለች።»

«ታዲያ በሳህን ነው የሞተው?»

ፖሊሱ ሲጋራውን ጥሎ ወደ ውስጥ መራው።

ሟቹ አቶ ጃማዕ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ማጅራቱን የተመታበት የሐዲድ ብረት ቁራጭ አጠገቡ ወድቋል። ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዞች ያስተረጉም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ኖሯል። ቤትና ቀለብ የሰጠው ባለቪላው ነጋዴ አቶ ቡልቻ ነው፤ በምላሹ የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የቡልቻ ስም ይጻፋል። ሌላው ሁሉ አልቆ «ራን» የሚባል አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ዓመቱን ሙሉ አላላውስ ብሎት ነበር። «ሮጠ» ማለት መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ ትርጉሙ ግን ማለቂያ የለውም።

ወለሉ በትናንሽ ወረቀቶች ተሸፍኗል። አለምብርሃን ተንበርክኮ አንዱን አነሣ። «ራን፦ ቀለም ለቀቀ። ግንቦት 4 የጎረቤቷ የዐስሊ ቀይ ሻሽ ታጥቦ ቀለሙ ነጩ ሸሚዜ ላይ ወረደ።» ሌላውን አነሣ። «ራን፦ ኮበለለ። ከሸሸ ጋር ይቀራረባል፤ የሚሸሽ ፈርቶ ነው፣ የሚኮበልል ግን ሰልችቶትም ይሆናል። ሰኔ 9 የጎረቤት አህያ ኮበለለች።»

የሟቹን ጽሑፍ በታይፕ የምትገለብጠው ሸዋገነት ደጃፉ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«እነዚህ ምሳሌዎች እውነት ናቸው?» ሲል ጠየቃት።

«ሁሉም። በዓይናቸው ያላዩትን አይጽፉም፤ ቀኑንም ያስገባሉ።»

«ወረቀቶቹ እንዲህ ተበትነው ነው የሚቀመጡት?»

«ኧረ በጭራሽ። የጣሪያው ማራገቢያ እንዳይበትናቸው እያንዳንዱ ላይ ከደቻቱ ወንዝ የለቀሙትን ጠጠር ያኖሩበታል። አንድ ወረቀት፣ አንድ ጠጠር፤ ትርፍ ጠጠር ቤት አያስገቡም። ቦታቸውን ደግሞ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። የውኃው በግድግዳው በኩል፣ የመኪናው በመስኮቱ በኩል፣ እንዲህ ነው የሚደረደሩት።»

ጠጠሮቹ ግን ወለሉ ላይ የሉም። መደርደሪያው ላይ ባለ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ተሰብስበዋል። አለምብርሃን ቆጠራቸው፤ ስድሳ ሦስት ሆኑ። ወረቀቶቹን ከአልጋው ሥር ሳይቀር አስለቅሞ ቆጠረ፤ ስድሳ ሁለት ሆኑ። ሁለቱንም ደግሞ ቆጠረና ወደ ዛምዛም ወጣ።

«ጠዋት ለምን ጮህሽበት?»

«አትጠይቀኝ።»

«ካልነገርሽኝ ይሰቅሉሻል።»

«ይስቀሉኝ። ልጄ ኪንሲ ዓምና በዒድ ቀን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ፣ ከዚህ በር ሃምሳ እርምጃ ላይ መኪና ገደላት። ሰው ሁሉ ሶላት ላይ ነበር፤ አየሁ ያለ የለም። ዛሬ ይሄ ሽማግሌ ቁርሱን ሳቀርብለት ምን ይለኛል? ‹መኪና ሰው ገጭቶ ሲሄድ እናንተ ምን ትላላችሁ?› እኔን ነው የሚጠይቀኝ፣ እናቷን። ወላሂ ሳህኑ ከእጄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።»

«ማንበብ ታውቂያለሽ?»

«ቁርኣን። የናንተን ፊደል አላውቅም።»

አለምብርሃን ወደ ጋራዡ አመራ። የኪንሲን መዝገብ በደንብ ያውቀዋል፤ «መኪናው አልታወቀም» ብሎ ፈርሞ የዘጋው እሱ ራሱ ነው።

ጋራዡ ውስጥ የአቶ ቡልቻን ሾፌር ዓዋሌን አገኘው።

«ዓምና በዒድ ቀን ይህን መኪና የነዳው ማነው?»

«አቦ፣ እኔ አልነበርኩም። ፈቃድ አግኝቼ ሁርሶ እናቴ ጋ ነበርኩ። ስመለስ የቀኙ መብራት ተቀይሮ አገኘሁት። ‹ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?› ብላቸው ‹ግንብ ነካሁ› አሉኝ።»

«አሮጌው መብራት የት ሄደ?»

«እኔ እቃ አልጥልም» ብሎ ዓዋሌ ከሣጥን ሥር ጎትቶ አወጣለት። መስታወቱ ግማሹ ረግፏል።

አለምብርሃን አንዱን ፖሊስ ልኮ የኪንሲን መዝገብ ከጣቢያ አስመጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬሳው ተነሥቶ ነበር፤ አቶ ቡልቻን ጨምሮ አራቱንም የቤቱን ሰዎች በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው።

አቶ ቡልቻ ሰዓቱን እያየ «ገዳይዋ ተይዛ የለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» አለ።

«የያዝናት ገዳይዋ ስላልሆነች ነው» አለ አለምብርሃን። «ፖሊሶቹ ወረቀት ተበትኖ ሲያዩ ትግል ነበር አሉ። ሲታገል ጠጠር እየለቀመ ቆርቆሮ ውስጥ የሚያጠራቅም ሰው አይታችኋል? ሟቹ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም። ገዳዩ ከኋላ መታውና ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወረቀቶቹን አነበበ። ያነበበውን ማራገቢያው በተነለት። የፈለገውን ሲያገኝ ወስዶ ሄደ፤ ጠጠሩን ግን ቆርቆሮው ውስጥ ተወው። ለዚህ ነው አንድ ጠጠር የተረፈው። ዛምዛም ይህን ፊደል አታነብም። ዓዋሌም አያነብም፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ የፈረመው በጣቱ ነው።»

«ሸዋገነት ታነባለች» አለ ቡልቻ።

«ታነባለች። ግን የእያንዳንዱን ቦታ ስለምታውቅ ቀጥታ ሄዳ አንዱን ታነሣ ነበር። ስድሳ ሦስቱን ሁሉ ማገላበጥ ያስፈለገው አደራደሩን የማያውቅ አንባቢ ነው። እዚህ ቤት ከእርስዎ ሌላ እንዲህ ያለ ሰው የለም።»

ቡልቻ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«የጎደለው የትኛው ነው?» አለ አለምብርሃን፣ ድምፁ እየጠነከረ። «ስድሳ ሁለቱን አንብቤያለሁ። ቧንቧ ይፈሳል፣ እስረኛ ያመልጣል፣ ሰው ሱቅ ያስተዳድራል። ገጨ፣ ዳጠ፣ ጨፈለቀ የሚል ግን የለም። አቶ ጃማዕ ዛምዛምን ዛሬ ጠዋት የጠየቀው ስለዚያ ነው። ያላየውን የማይጽፍ ሰው ስለሆነ አይቷል ማለት ነው። ያየው በዚህ መስኮት ነው።»

ከመዝገቡ ኪንሲ ከወደቀችበት ቦታ የተለቀመ አንድ የመስታወት ስባሪ አውጥቶ ዓዋሌ ካስቀመጠው መብራት ጋር ገጠመው። ልክክ አለ።

የቡልቻ ፊት ደም መሰለ። «ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ሲበላ ኖሮ!» አለ። «ትናንት ራት ላይ ‹ነገ ያችን ትርጉም እጽፋለሁ፤ ያየሁትንም እጨምራለሁ› አለኝ። በእኔ ቤት፣ በእኔ ወረቀት፣ ስሜ በሚወጣበት መጽሐፍ! ተወው ብዬ ለምኜዋለሁ። አልሰማኝም።»

«ወረቀቱስ?»

«አቃጥዬዋለሁ።»

ፖሊሶቹ በዛምዛም እጅ ላይ የነበረውን ገመድ ለእሱ አደረጉትና ይዘውት ወጡ። አለምብርሃን ዛምዛም የምታለቅስ መስሎት ነበር። እሷ ግን ወደ ጠረጴዛው ቀርባ ስባሪውን በጣቷ ነካችው።

«ይሄ መስታወት የት ነበር?»

«ጣቢያ፣ መዝገቡ ውስጥ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኪንሲ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ።»

«በዚህ ከተማ እንዲህ ዓይነት መኪና ስንት ነው?»

ቢዋሽ የሚያውቅበት አልነበረም። «አሥራ አንድ» አለ።

«አሥራ አንድ» አለች ዛምዛም። «ለጃማዕ በአንድ ከሰዓት ጋራዥ ድረስ ገባህ። ለኔ ልጅ አሥራ አንድ በር ማንኳኳት አቃተህ። እሱ አይቶ ዝም አለ፤ እኔ ዓመት ሙሉ ምሳ አበላሁት። አንተ ደግሞ ሳታይ ዘጋኸው።»

ቀኑን ሙሉ በሰው ላይ ሲቆጣ የዋለው አለምብርሃን አሁን ቁጣውን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

ዛምዛም ወደ ሸዋገነት ዞረች። «ያ የተቃጠለው እንደገና ይጻፍ። የልጄን ስም አስገቢ። የገደላትን ስም፣ አይቶ ዝም ያለውን ስም። ከሥሩ ደግሞ የዚህን» ብላ በመቶ አለቃው ላይ ጣቷን ቀሰረች።

ሸዋገነት ብዕሯን ይዛ ፈራ ተባ እያለች ቀና ብላ አየችው። አለምብርሃን ኮፍያውን አወለቀ።

«ጻፊ» አላት። «ማዕረጉንም እንዳትረሺ።»