ፑሚስ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። ጨለማውን ፈርታችኋል አይደል? ይህ የሆነው ግን በጨለማ አይደለም። በጠራራ ቀትር ነው፤ ጋኔን በሚወጣበት ሰዓት!

ድሮ፣ አንድ መንደር አጠገብ ፑሚስ የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር። ፑሚስ ታውቃላችሁ? እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ድንጋይ፤ ብሎኬት የሚሠሩበት። ቁፋሮው ሕግ አለው። መጀመሪያ የላዩን አፈር ትገፋለህ፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች በደረጃ ትቆርጣለህ። ከሥሩ ከቦረቦርከው ይደረመሳል። ካቦው ወርዶፋ ግን፣ የእጁን ይስጠውና፣ መኪናው ቶሎ እንዲሞላለት ቆፋሪውን ደበሌን «ከሥር ቦርቡር!» አለው። ቦረቦረ። ተደረመሰበት።

ከሁለቱ በቀር ያየ አልነበረም። ታዲያ አወጣው? አላወጣውም! ለሚስቱ ለበዳቱስ ምን አላት? «ባልሽ ሌላ ሴት ይዞ ኮብልሏል።» ይሄ ሰው ነው? ምስኪኗ ሦስት ወር ሙሉ እያፈረች ከሰው ተደብቃ ኖረች።

አንድ ቀን ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወጣ። ወርዶፋ ብቻውን በጠባቧ መንገድ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። የዶማ ድምፅ ሰማ። ድው። ድው። ማነው በምሳ ሰዓት የሚቆፍር? ቀረብ አለ። ጀርባ አየ፤ ነጭ። ፀጉሩም ነጭ። እጁም ነጭ። ከሥር ይቦረቡራል።

«አንተ! ውጣ ከዚያ! ይደረመስብሃል!»

ዶማው ቆመ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው?» አለ ሰውየው፣ ሳይዞር።

ሰማችሁ? ያውቅ ነበር! እያወቀ ነው ያስገባው!

«ደበሌ... ማረኝ...»

«ሂድና ለሚስቴ ንገራት።»

ወርዶፋ እግሬ አውጪኝ አለ። ከበዳቱ ደጃፍ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እህቴ፣ ዋሽቼሽ ነው። ባልሽ የትም አልሄደም። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሯል።»

አላለቀሰችም። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ሦስት ወር!» አለችው። «ሦስት ወር ሙሉ የሞተ ባሌን ስረግም አኖርከኝ! ግባ!»

«ይቅርብኝ... እዚሁ ልቁም...»

«ግባ አልኩህ! ከቅድም ጀምሮ ስንጠብቅህ ነበር።»

ከማን ጋር? ወርዶፋ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። ከምሰሶው ሥር፣ በርጩማ ላይ፣ አንድ ነጭ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ቀስ... ቀስ ብሎ ዞረ። በሩም — ዷ!

ወርዶፋን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ከእናንተም መሃል፣ እሱ ራሱ የማይቆምበት ቦታ ሰው ያቆመ ካለ፣ ዛሬ ብቻውን ወደ ቤቱ እንዳይሄድ።