በረዶው ቀልጦ ነበር

በረዶው ቀልጦ አልቋል፤ አምፖሉ ግን ቦግ እንዳለ ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ ዓይኗን ማመን አቃታት። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በጭብጨባ ሲናጋ፣ የፊዚክስ መምህሩ «አያችሁ? አያችሁ ወይ?» እያሉ ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ እሷ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆማ ጣቷን ቀስ ብላ ወደ ቀዝቃዛው ባልዲ ሰደደች። ለብ ብሏል። የሞቀውን ባልዲ ነካችው። እሱም ለብ ብሏል። ሁለቱ ባልዲዎች እኩል ሲሆኑ አባቷ የሠራው ማሽን ይቆማል፤ ማሽኑ ሲቆም አምፖሉ ይጠፋል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እንደ እሷ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ በረዶ ሲያመላልሱ ማደግ ይበቃል።

አባቷ ግን ደረቱን ነፍቶ ይናገራል።

«ከባሕሩ ሆድ የሚወጣ ቅዝቃዜ፣ ከመሬት ሆድ የሚወጣ ሙቀት! ይህን አምፖል ያበራው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ነዳጅ የለም፣ ጭስ የለም!»

«ነዳጅ የለም፣ ጭስ የለም» የምትለዋን ንግግር ልጅቷ ሁልጊዜ በልቧ አብራው ትላት ነበር። ዛሬ አልወጣ አላት።

«አንቺ! አባትሽ ቀወጠው እኮ!» አለች ጓደኛዋ ሕዝቡን እየገፋች መጥታ። ወሬ ከአፏ ስለማይጠፋ ክፍሉ በሙሉ «ሬዲዮ» ነው የሚላት። «ያ ከኃይል መሥሪያ ቤት የመጣው ባለ ከረባት አፉን ከፍቶ ነው የቀረው። ሽበታሟ ሴትዮ ደግሞ የሱ አለቃ ናቸው አሉ። ቅዳሜ ቤታችሁ ሊመጡ ነው! ካመኑበት ፍል ውሃው ጋ ትልቁን ማሽን ሊያሠሩት ነው። ታዋቂ ልትሆኚ ነው፣ ደግሞ እንዳትዘጊኝ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

ሰው ሲበተን ዕቃውን ልትሰበስብ ጎንበስ አለች። ማሽኑ የተቀመጠበትን ጣውላ ከሥሩ ስትዳብስ እጇ አንድ ጠጣር ነገር ላይ አረፈ። በፕላስተር የተጣበቀ ባትሪ ነው። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከእሱ ተነስተው በጣውላው ቀዳዳ ሾልከው ወደ አምፖሉ ይሄዳሉ። አጠገቡ ጥፍር የምታክል ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ልጅቷ እንዳጎነበሰች ቀረች። አባቷን ከሩቅ ሰማችው፤ ከመምህሩ ጋር እየተጨባበጠ ይስቃል።

እንደ እውነቱ ከሆነ ማሽኑ ይሠራል። ነገሩን የሚያመርረውም ይሄ ነው። በብረት ቱቦዎቹ ውስጥ አሞኒያ አለ፤ ትንሽ ሙቀት ሲነካው ተንኖ ይሮጣል፤ በመንገዱ ላይ ቆርቆሮ ውስጥ የተደበቀችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ያዞራታል፤ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ደግሞ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በረዶው በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአምፖሉ ክር ትቀላለች፣ ከዚያ ብጫ ትሆናለች። በቃ። ከዚያ አታልፍም። አባቷ መጀመሪያ ያበራት ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ነበር። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ካየ በኋላ ባለፋርማሲው ጉሮሮውን ጠርጎ «ታዲያ መቼ ነው የሚበራው?» ብሎ ጠየቀ። በርቶ ነበር እኮ! ሰፈሩ በዚህች ነገር ሲስቅ ከረመ።

ከዚያ በፊትም አልቀናውም። ከኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሥራውን ለቆ ወደ ባሕሩ ጥልቅ የዘረጋውን ቱቦ ማዕበል ቆራርጦ ወሰደው። ፍል ውሃው ላይ የተከለው ሌላው ፈጠራው ደግሞ እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ጋግሮ ተደፈነ። ይሄኛው ሦስተኛው ነው፤ ሁለቱን ያጣመረው። «ሞቅ ቀዝቀዝ» የሚል ስም ወጥቶለታል። እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤቱን ያቆመችው በስፌት መኪናዋ ነው። ማቀዝቀዣዋ ለሳይንስ ከተመለመለ ወዲህ ወተት የምታስቀምጠው ጎረቤት ቤት ነው። «እኔ ያገባሁት መሐንዲስ ነበር፣ የምኖረው ግን ከባልዲ ጋር ነው» ትል ነበር እየሳቀች። አሁንም ትለዋለች፤ መሳቁን ግን ትታለች።

ቤት እንደገቡ ልጅቷ አባቷን ተከትላ ወደ ጓዳው፣ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ዘለቀች።

«አባዬ፣ ባትሪው ምንድን ነው?»

ብሎን እያጠበቀ ነበር። አልዞረም። «የቱ ባትሪ?»

«አባዬ!»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ለአንድ ቀን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማሽኑ እንደሚሠራ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅህ።»

«ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱን ሰበቃው ይበላዋል። ትልቁ ቢሠራ ከተማ ያበራል። ግን ማንም ሰው ትልቁን ከማሠራቱ በፊት ትንሹ ቦግ ሲል ማየት ይፈልጋል። ለደብዛዛ መብራት ማን ያጨበጭባል? ይህን ሁሉ ዓመት እውነቱን አሳየኋቸው፣ ሳቁብኝ። አንድ ቀን ዋሸሁ፣ ተነስተው አጨበጨቡልኝ! አየሻቸው አይደል?»

ልጅቷ አየችው። ፀጉሩ ሳስቷል፤ ጣቶቹ በአሞኒያና በብረት ተላልጠዋል። አንጀቷን በላት። ተናደደችበትም፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት።

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ አነሳዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«አንቺን ይንሳኝ!»

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ሳጥኗን ይዛ ዓሣ ወደሚራገፍበት ወደብ ወረደች። በረዶ ሻጩ አካፋውን እንደያዘ «የሞቅ ቀዝቀዝ ልጅ! ዛሬ ለሹማምንት ነው አሉ!» ብሎ ቀለደባትና አንድ አካፋ መረቀላት። ሳጥኑን ታቅፋ ዳገቱን ስትወጣ እጇ ደነዘዘ።

እቤት እናቷ የአባቷን ነጭ ሸሚዝ ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች። ወለሉ ተወልውሏል፣ ስፌት መኪናዋ ጥግ ይዛለች። እናቷ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ ልጅቷ እንዲህ አምሮባት ካየቻት ቆይቷል።

«ዛሬ ከተሳካለት» አለች እናቷ በሹክሹክታ፣ «እኔም ትንሽ ልተነፍስ ነው።»

አባቷ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጢሙን ይላጫል፣ ያንጎራጉራል። ልጅቷ በረዶውን አስቀመጠችና ለእንግዶቹ ሲባል ሳሎን በወጣው ማሽን ጣውላ ሥር እጇን ሰደደች። እንዲያውም ባታገኘው ብላ ተመኘች። ባትሪው አለ፤ ፕላስተሩ አዲስ ነው። አንቺን ይንሳኝ ብሎ ነበር። ፕላስተሩን ላጠችው፣ ሽቦዎቹን ነቀለች፣ ባትሪውን ኪሷ ከተተችው። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

ሽበታሟ መሐንዲስና ባለ ከረባቱ ወጣት ተቀመጡ። አባቷ ንግግሩን አንበለበለው፤ የባሕሩ ሆድ፣ የመሬቱ ሆድ፣ ነዳጅ የለም፣ ጭስ የለም። የፈላው ውሃ ገባ። «ረዳቴ፣ በረዶ!» አላት፤ ልጅቷ በረዶውን ገለበጠች። አባቷ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ አንድ እጁን ከሥር ላከ። ቀጭ። ምንም የለም። ቀጭ፣ ቀጭ። ይህን የሰማችው ልጅቷ ብቻ ናት።

ከዚያ ክሯ ቀላች። ቀስ ብላ ብጫ ሆነች። እዚያው ቀረች።

«ገና እየሞቀ ነው?» አለ ባለ ከረባቱ።

«ትምህርት ቤት ያየነው ከዚህ በጣም የደመቀ ነበር» አሉ መሐንዲሷ። «ምን ተለወጠ?»

አባቷ ቀና ብሎ ልጁን አያት። ዓይኑ ወደ ኪሷ ወረደ። ገባው። ፊቱ ጠቆረ፤ ወዲያው ግን የሱ ያልሆነ ሳቅ ሳቀ።

«ምን ላድርጋት ብላችሁ ነው! በረዶውን አሳንሳው ነው። ልጅ የላከ ሰው እንግዲህ ይኸው ነው። በረዶው በቂ ቢሆን ኖሮ…»

ልጅቷ ጆሮዋ ጋለ። በረዶው እኮ ከባልዲው አፍ በላይ ተቆልሎ ለሁሉም ይታያል! መሐንዲሷ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ጣታቸውን ቀዝቃዛው ባልዲ ውስጥ ነከሩ፣ ትንሽ ቆዩና አወጡት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ እውነት በረዶው አንሶ ነው? ከሆነ ችግር የለም፣ ሌላ ቀን እንመለሳለን።»

«አዎ» ማለት ቀላል ነበር። አዎ ካለች አባቷ ይተርፋል፣ ሌላ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሌላ ፕላስተር ይለጠፋል። እናቷ በሩ ጋ ቆማ መቀነቷን ታፍተለትላለች። አባቷ በዓይኑ ይለምናታል። ሲለምናት አይታው አታውቅም፤ ከሁሉም በላይ የከበዳት ይህ ነው።

«አላነሰም» አለች። «አምፖሉ የሚበራው ይህንኑ ያህል ነው።»

ባለ ከረባቱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። መሐንዲሷ ግን አልሳቁም። ዝቅ ብለው አምፖሉን በሁለት መዳፋቸው ከለሉትና ያቺን ብጫ ክር ብዙ አይዋት።

«ይሄኛው የማሽኑ ነው?»

«አዎ፣ የማሽኑ ነው።»

«የትምህርት ቤቱስ?»

ልጅቷ እጇን ኪሷ ላይ ጫነች። አባቷ አንገቱን ደፋ።

«ገባኝ» አሉ ሴትዮዋ ቦርሳቸውን አንስተው። ወደ አባቷ ዞሩ። «ምነው መጀመሪያውኑ ይህችን ባሳዩን…» ብለው ሳይጨርሱ ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ አባቷ የበረዶውን ባልዲ በእርግጫ መታው። በረዶው በተወለወለው ወለል ላይ ተበተነ። «በገዛ ልጄ!» አለ። «ሰፈሩ አልበቃ ብሎኝ፣ በገዛ ልጄ!»

እናቷ ማንንም አልደገፈችም። «ሸሚዙን አውልቀህ ስጠኝ፣ እንዳይቆሽሽ» አለችውና ስፌት መኪናዋን ከጥጉ ጎትታ አወጣች። አባቷ ማሽኑን ወደ ጓዳ መልሶ አሮጌ አንሶላ ጣለበት። ልጅቷ ባትሪውን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ዞር ብሎ ያየው የለም። በረዶው ሳይሰበሰብ እዚያው ቀለጠ።

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አባቷ አላናገራትም። ሲያልፍ ግድግዳውን ታኮ ያልፋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ወሬው ቀድሟታል፤ ሬዲዮ ከአጠገቧ ተነስታ ሌላ ወንበር ይዛለች። «አባቷን ያስበላች» ይሏታል ከኋላዋ። አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጠበችና ተመልሳ ወጣች።

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ጥላ ወደ ጓዳ ገባች። አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል። አንሶላውን ከማሽኑ ላይ ገፈፈች፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። የሚሸት ነገር የለም፤ አሞኒያው አላፈተለከም። የፈላ ውሃ ለማግኘት ድስቱ አለ። ሳጥኗን አነሳች።

«ማን ላከሽ?» አለ አባቷ ሳይዞር። ከቅዳሜ ወዲህ የተነፈሳት የመጀመሪያ ቃል ናት።

«ማንም» አለችና ወጣች።

ወደቡ ላይ በረዶ ሻጩ ሲያያት አካፋው ላይ ተደገፈ። ዛሬ አልቀለደም። «አባትሽ ተወው አሉ ሰዎች» አላት። «ታዲያ ይሄ ለማን ነው?»

«ለራሴ ነው፣ ጋሼ» አለች ሳጥኑን ከፍታ እየዘረጋችለት። «እስከ አፉ ሙላልኝ።»

ሞላላት። ሳይቀልጥባት ለመድረስ ፈጠን ፈጠን እያለች ዳገቱን ተያያዘችው።