ግንቡ ላይ የቀረችው

አሮጊቷ ከረሜላዋን ወሰደች። ቆርቆሮውን ግን መለሰችለት።

እንዲህ አልነበረም የተባለው።

ፎልክማር ድሬሰል ፊቱን አልለወጠም። የሽርሽር መርከቧ ከቦፓርድ ተነስታ የራይንን ወንዝ ቁልቁል እየወረደች ነው። ሰዉ ሁሉ ወይን የተተከለባቸውን ኮረብታዎች ፎቶ ያነሳል። እሱ ከመርከቧ ጫፍ ከአሮጊቷ ጎን ቆሟል። ለሚያየው ሰው፣ ሳል የያዛትን ባልቴት ያዘነላት ደግ መንገደኛ ነው።

ዘዴው ቀላል ነበር። እሷ ትስላለች። እሱ የጉሮሮ ከረሜላ ቆርቆሮ ያቀብላታል። እሷ አመስግና ቆርቆሮውን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ከከረሜላው ሥር ድርብ ወለል አለ። ከድርቡ ወለል ሥር ፊልም አለ።

«እማማ፣ ሁሉንም ይውሰዱት እንጂ። እኔ ሌላ አለኝ።»

«አይ ልጄ፣ አንዷ ትበቃኛለች።» አሮጊቷ ውኃውን እያየች ከረሜላዋን መጠጠች። «ኮብሌንዝ እየዘነበ ነው አሉ።»

በምሥጢር ቃላቸው፣ ተነቅቶብሃል ማለት ነው።

ይህችን ቃል ስምንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል። የሰማት ቀን ጉልበቱ የሚከዳው ይመስለው ነበር። አልከዳውም። ምንም አልተሰማውም። እግሩ ደንዝዞ መሬት እንደማይረግጥ ሰው ነበር የሆነው።

ምሥራቅ በርሊን ያለው የስለላ ማዕከል «አናጢ» ይለዋል። ምዕራብ ጀርመን፣ ቦን ከተማ ውስጥ ግን መነጽርና አጉሊ መሣሪያ የሚሸጥ ጨዋ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ሮዝቪታ በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ያገባትም ለዚሁ ነው። ቢሮዋን አጥንቶ፣ የምትሄድበትን መዋኛ አጥንቶ፣ የምትወደውን አበባ አጥንቶ አገባት። የምታመጣቸው ወረቀቶች ለአንድ የሰላም ማኅበር እንደሚሄዱ ነግሯታል። እሷም አምናለች። ወይም ያመነች መስላለች። አሮጊቷ ደግሞ ፊልሙን ተቀብላ ድንበር የምታሻግረው ናት። ስሟን አያውቀውም። በማዕከሉ «አክስት» ነው የምትባለው።

«ማን ነው የነገረብኝ?» አላት፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ሚስትህ።»

«አይሆንም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ላይኛው ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ግራጫ ባርኔጣ አድርጓል፤ አንዱ ፊቱ ቀይ ነው። ኮረብታው ላይ ካለው አሮጌ ግንብ ጋ ስንቆም ውረድ። ሚስትህን እዚያው ተዋትና በላይኛው በር ውጣ። ሰማያዊ ኦፔል መኪና ይጠብቅሃል።»

«ፊልሙስ?»

«ከእጅህ እንዳይወጣ። ለሹፌሩ ነው የምትሰጠው።»

«እርስዎስ እማማ?»

«እኔ እስከ ኮብሌንዝ ነኝ። እግሬ ግንብ አይወጣም።»

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

ሮዝቪታ ክሬም የተደፋበት የፕሪም ኬክ እየበላች ነው። አጠገቧ ከቩፐርታል የመጡ የቦውሊንግ ማኅበርተኞች አረንጓዴ ባርኔጣ ደፍተው፣ ጠዋት የጀመሩትን ቢራ ቀጥለዋል። አለቃቸው ኡርባን የሚባል ወፍራም ሰው ነው።

«ይኸው ባልሽ መጣ! ሰውዬ፣ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ወስደናት ነበር።»

«ውሰዷት። ግን ስታንኮራፋ መርከብ ታሰጥማለች።»

ማኅበርተኞቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። ሮዝቪታ በማንኪያ እጁን መታ አደረገችው።

«ውሸታም! የሚያንኮራፋው ማን እንደሆነ ጎረቤት ይመስክር!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሴትዮዋ ምን ሆና ነው?» አለችው።

«ሳል ነው።»

«ምስኪን። ከረሜላ ሰጠሃት?»

«አንድ ወሰደች።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

ሮዝቪታ ኬኳን በሹካ ቆረሰች። አልበላችውም። ድሬሰል ፊቷን መረመረ። ሰው የሚሸጥ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ በየቀኑ ሲላጭ መስተዋት ውስጥ ያየዋል። በእሷ ፊት ላይ አላገኘውም። ከንፈሯ ላይ ያገኘው ክሬም ብቻ ነው።

መርከቧ ከግንቡ ሥር ወዳለችው መንደር ስትጠጋ ካፊያ ጀመረ። ድሬሰል ቆብ ያለውን ረጅም ቢጫ የዝናብ ልብሱን ለበሰ። ሰው ሁሉ በጠባቡ መወጣጫ ላይ ተገፋፋ። እሱ ሚስቱን በክንዷ ይዞ ከወረደ በኋላ፣ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለና ወደ ኋላ አየ።

ግራጫ ባርኔጣው ወረደ። ቀይ ፊቱ ወረደ።

አክስትም ወረደች።

እስከ ኮብሌንዝ ነኝ ብላው ነበር። ያስቆመው ግን መውረዷ አይደለም። ቀይ ፊቱ ሰውዬ ቦርሳዋን ይዞላታል። ሰው የማያውቃትን አሮጊት ቦርሳ ከመያዙ በፊት ይጠይቃል። ይኼኛው አልጠየቀም። እጁን ዘረጋ፤ እሷም ሳታየው ሰጠችው። በየቀኑ አብረው ገበያ እንደሚወጡ እናትና ልጅ።

የሸጠችው ሮዝቪታ አልነበረችም።

የቀረው በራሱ ጊዜ ተፈታ። ቆርቆሮውን አክስት ያልተቀበለችው በእሱ እጅ እንዲገኝ ነው። ኦፔሉም የእነሱ፣ የምዕራብ ጀርመን ጸረ ስለላ ሰዎች ነው። ፊልሙን ይዞ በእግሩ ሄዶ መኪናቸው ውስጥ እንዲገባላቸው ይጠብቁታል።

«ምነው ክር ማሰር ይህን ያህል?» አለችው ሮዝቪታ።

«ተቋጥሮ ነው። እንሂድ።»

ዳገቱን ወጡ። ዝናቡ በረታ። መንገዱ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ ያዳልጣል። አክስት ስለምታዘግም ሁለቱ ሰዎች ከኋላ ቀርተዋል፤ ዓይናቸውን ግን ከቢጫው ልብስ ላይ አልነቀሉም። ድሬሰል እየወጣ አሰበ። ሁለት ሆኖ ማምለጥ አይቻልም። ሁለት ሰው ዞር ዞር ይላል፤ ሁለት ሰው ይጠባበቃል። ለአንድ ሰው ግን መንገድ አለ።

የእሱና የሮዝቪታ ቁመት እኩል ነው።

ይህን ሲያስብ እንኳ ልቡ አልመታም።

የግንቡ ግቢ በጃንጥላ ተሞልቷል። አስጎብኚዋ የክንድ ያህል ቁልፍ ይዛ በማማው በር ላይ ትጮኻለች።

«ወደ ማማው የምትወጡ ተከተሉኝ! በሩን ከኋላችን እቆልፈዋለሁ። ወደ ኋላ የቀረ ሰው ካለ፣ አጥንቱን ለሚቀጥለው ዓመት ጎብኚ እናሳየዋለን!»

ኡርባን ማማውን ቀና ብሎ አየና አማተበ። «ይህ ጉልበት ላላቸው ነው። ወንድሞቼ፣ ቢራ ቤቱ የት ነው?»

ድሬሰል ሮዝቪታን ከግቢው የውኃ ጉድጓድ ጣሪያ ሥር አስጠጋት። የዝናብ ልብሱን አወለቀ።

«ልበሺው።»

«አንተስ?»

«መጸዳጃ ቤት ደርሼ እመጣለሁ። አንቺ ከጎብኚዎቹ ጋር ወደ ማማው ውጪ፤ ላይ እንገናኝ። ቆቡን ድፊው፣ ጆሮሽን እንዳያምሽ።»

እጆቿን በእጅጌው ውስጥ አሳለፈች። ቁልፎቹን እሱ ቆለፈላት፣ አንድ በአንድ፣ ከታች ወደ ላይ። ትኩር ብላ አየችው።

«በስምንት ዓመት ውስጥ ልብስህን ሰጥተኸኝ አታውቅም።»

«ዘንቦብን አያውቅማ።»

«ዘንቦብን ያውቃል» አለች።

ቆቡን እስከ ቅንድቧ ድረስ ሳበችው። ከዚያ ወደ ማማው በር ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም።

ድሬሰል ከአንድ የድንጋይ ዓምድ ጀርባ ተለጠፈ።

ሁለቱ ሰዎች ግቢው ውስጥ ገቡ። ግራጫ ባርኔጣው ቀኝና ግራ ቃኘ።

«ያውና!» አለ ቀይ ፊቱ።

ቢጫው ልብስ በሩ ውስጥ ጠፋ። ሁለቱ ሰዎች እየተጋፉ ሮጡ። አስጎብኚዋ «ኧረ ቀስ፣ ግንቡ የትም አይሄድም!» አለቻቸው። በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ዞረ።

አሁን የቀረችው አክስት ናት። ወደ መንደሩ ከሚያወርደው በር አጠገብ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ሌላው መውጫ ኦፔሉ የሚጠብቅበት የላይኛው በር ብቻ ነው።

ድሬሰል ቢራ ቤቱ ገባ። ማኅበርተኞቹ መልሰው ሊወጡ እየተንጫጩ ነው፤ የግንቡ ቢራ ውኃ ነው ብለዋል።

«ኡርባን፣ ሚስቴ ማማ ላይ ናት። መንደር ውስጥ ጥሩ ቢራ የት እንዳለ አውቃለሁ።»

«ሮጠህ አምልጠህ ነዋ!» ኡርባን በክንዱ አንገቱን አቀፈው። «ወንድሞቼ፣ ይህን ነፃ የወጣ ሰው ባርኔጣ አልብሱት!»

አረንጓዴ ባርኔጣ ደፉለት። ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እያዜሙ፣ ወደ በሩ ሄዱ። ድሬሰል መሐል ነበር። ዘፈኑን አያውቀውም። አፉን ብቻ ከፈተ።

አክስት ቀና አለች።

ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

አንዲት ጩኸት ትበቃ ነበር።

አሮጊቷ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳለች። ረጅም፣ እውነተኛ ሳል ነበር። ሳሉ ሲበርድላት ፊቷን ወደ ማማው አዙራ ተቀመጠች። ለምን እንደተወችው እስከ ዛሬ አያውቅም።

መንደር ሲደርሱ ባርኔጣውን መለሰ። በጀልባ ወንዙን ተሻገረ። በባቡር ሐምቡርግ፣ ከዚያ ዴንማርክ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ምሥራቅ። ቆርቆሮው ኪሱ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ከረሜላዎቹን በልቶ ጨረሳቸው፤ ሌላ የሚበላ አልገዛም ነበር።

ኮሎኔል ክሬል በርሊን ላይ ኮኛክ ቀዳለት። ሜዳሊያ አሳየው፤ ካየው በኋላ መልሶ ካዝናው ውስጥ ቆለፈው።

«እንኳን ደህና መጣህ ጓድ። ፊልሙ ወርቅ ነው፣ ወርቅ! አክስትን ክረምት ላይ ይዘዋት ኖሯል። ወይ እስር ወይ ጡረታ አሏት። ጡረታውን መረጠች።»

«ሮዝቪታስ?»

ኮሎኔሉ ሣቀ። ሣቁ የአድናቆት ነበር።

«አንተ፣ ያቺ ሴት ወንድ ናት! ሰዎቻችን የሰሙትን ልንገርህ። ማማው ውስጥ ከኋላዋ ሆነው «ድሬሰል፣ ቁም!» ቢሏት አልዞረችም። ቆቧን ይበልጥ ሳበችና ደረጃውን ትሮጥ ጀመር። እስከ ጫፍ ድረስ አስሮጠቻቸው። ይዘው ቆቡን ሲገልጡት ቀይ ፊቱ ሰውዬ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ባልሽ የት አለ?» ሲሏት ምን አለች መሰለህ? «መጸዳጃ ቤት ደርሶ ይመጣል።»»

ድሬሰል ኮኛኩን ጠጣ።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«እንዴ፣ ታዲያ ጥሩ አይደል? አትጨነቅ። ትንሽ ትታሰርና በእስረኛ ልውውጥ እናወጣታለን። እዚህ ታመጣታለህ፤ ቤት እንሰጣችኋለን።»

ስድስት ዓመት ፈረዱባት። እሱን አዲስ ስም ሰጥተው ማግደቡርግ ከተማ ላኩት። የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ሥራ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ሰጡት። ጠዋት ይሄዳል፤ ማታ ይመለሳል። በሁለተኛው ዓመት ኮሎኔሉ አስጠራው። በዚህ ጊዜ ኮኛክ አልነበረም።

«ልውውጡ ተፈቅዶ ነበር። ስሟም ገብቶ ነበር።»

«እሺ?»

«አልፈልግም አለች።» ኮሎኔሉ መስኮት መስኮቱን አየ። «እስሬን እዚሁ እጨርሳለሁ አለች። መልእክት ካለሽ ቢሏት፣ ለማን? አለች።»

«ገባኝ።»

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ጓድ ኮሎኔል።»

በባቡር ወደ ማግደቡርግ ተመለሰ። የሆነ ነገር እስኪሰማው በመስኮት ማሳውን እያየ ጠበቀ። ማሳው አለፈ። የፋብሪካ ጭስ አለፈ። ደረሰ።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ወይዘሮ ብሬመር ደረጃው ላይ ይዛ አቆመችው።

«አንተ ጎረቤት፣ የፓምፕ ሰው ነህ አይደል? እግዜር ነው የላከህ! ቧንቧዬ ፈንድቶ ወጥ ቤቴ ባሕር ሆኗል።»

ኮቱን አውልቆ ከመታጠቢያው ሥር ተኛ። ቧንቧው ዝጓል። መፍቻውን አጥብቆ ያዘ፤ አዞረ፤ አዳለጠው፤ መልሶ ያዘ። ወይዘሮ ብሬመር ከላይ ቆማ ስለ እህቷ ታወራለታለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ጥሩ ምግብ የምትሠራ፣ እሑድ እሑድ ብቻዋን የምትሆን እህት። ውኃው ቆመ። ድሬሰል ከሥር ወጣ።

«ውይ! ውይ በሞትኩት! እጅህን!»

አየው። መዳፉ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ተተርትሯል። ደሙ በክንዱ ወርዶ ወለሉን አጨቅይቷል።

«መቼ ነው የቆረጠህ? ድምፅ እንኳ ሳታሰማ! አላመመህም?»

ድሬሰል ጣቶቹን አጥፎ ዘረጋቸው።

«አላመመኝም» አለ።

እውነቱን ነበር። ፎጣ ሰጠችው፤ እጁን ጠቀለለበት። ስለ እሑዱ እንዲያስብበት ነገረችው፤ እሺ አላት። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ደረጃውን ወጣ። በሩን ከፍቶ ገባ፤ ዘጋው።