በሰው አገር፣ በሰው ገንዘብ

ለአንዱ ሞት ሁለት ምስክር ቀረበ።

አንደኛው ምስክር ወረቀት ነው፤ ከጣት የማይረዝም የካርድ ክፍያ ደረሰኝ። ሟቹ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ በዚያ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከሆቴሉ ጀርባ ካለ ሱቅ ጥቁር ጃንጥላ ገዝተዋል ይላል። ደረሰኙ ከኪሳቸው፣ ጃንጥላው ከሬሳቸው አጠገብ ተገኝቷል።

ሁለተኛዋ ምስክር የሆቴሉ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሦስት ሰዓት ላይ በጓሮው ደረጃ የሁለት ሰው ጭቅጭቅ፣ ቀጥሎም ከባድ ነገር ሲንከባለል ሰምታለች። ከላይ ሆና «ማነው? ምን ወደቀ?» ብትል የወንድ ድምፅ መለሰላትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰባት ሰዓት ላይ ቆሻሻ ልትጥል ወደ ምድር ቤት ስትወርድ፣ መምህሩን ከመጨረሻው ደረጃ ሥር ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ አገኘቻቸው። እሷ እንደምትለው ከሆነ ሰውየው የሞቱት በሦስት ሰዓት ነው።

በሦስት ሰዓት የሞተ ሰው ደግሞ በአራት ከሃያ ጃንጥላ አይገዛም።

«ወረቀት አይዋሽም» አለ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

«አይዋሽም፤ ግን የጻፉበትን ሁሉ ይቀበላል» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ ‹ወንፊት› ነው የሚሏት። ሌላው ነፍቶ የጨረሰውን እሷ እንደ አዲስ ትነፋዋለች። አሁንም ደረሰኙን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አየችው። ለአንድ ጃንጥላ ሁለት ዋጋ ተጽፎበታል፤ አንዱ በዚህ አገር ገንዘብ፣ ሌላው በመንገደኞቹ አገር ገንዘብ። መምህሩ፣ የእህታቸው ልጅና ልብስ ሰፊ ወዳጃቸው ከድንበሩ ማዶ የመጡ ናቸው። ቋንቋው አንድ ነው፤ ገንዘቡ ግን ለየቅል።

ሐኪሙ ብዙ አልረዳትም። ሬሳው የተገኘው ከውሃ ማሞቂያው አጠገብ ስለሆነ ቶሎ አልቀዘቀዘም፤ «ከሦስት እስከ ስድስት ባለው ጊዜ» ከማለት በቀር ሰዓቱን ሊቆርጥላት አልቻለም። ባለሱቁም በስልክ የነገራት ይህን ብቻ ነው፤ «ባርኔጣ ያደረገ፣ አንገቱን የደፋ ሰው። ካርዱን አስነክቶ ሄደ። በትንሽ ሒሳብ የምስጢር ቁጥር አንጠይቅም።» መምህሩ ባርኔጣ ያደርጉ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አንድ የተተየበ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «ልጅቷ ‹ምንም አልሰማሁም› ብላ ብትፈርም ነገሩ ያልቃል። ሽማግሌው ከሱቅ ሲመለሱ አዳልጧቸው ወደቁ ይባላል፤ ሁላችንም ወደ ሥራችን። ካልፈረመች ግን ውሸታም ናት። ሬሳውን ያገኘችው እሷ፣ በጓሮ በኩል የነበረችው እሷ፣ በሽርጧ ኪስ ውስጥ የሽማግሌው ገንዘብ የተገኘባት እሷ። እንግዲህ ፍርዱን ለእርስዎ ትቻለሁ።»

መርማሪዋ የጽዳት ሠራተኛዋን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ አገኘቻት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ወረቀቱን አሳዩሽ?»

«ሁለቴ። ልጆችሽን አስቢ አሉኝ። እትዬ፣ ጆሮዬን ምን ላድርገው? የሰማሁትን ሰምቻለሁ።»

«ገንዘቡስ?»

«ቲፕ ነው። ‹የአገሬን ብር ብሰጥሽ መንዛሪው ግማሹን ይበላብሻል› ብለው በእኛው ገንዘብ ሰጡኝ። እንዲህ አስቦ የሰጠኝ እንግዳ የለም።»

«በጓሮው ደረጃ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሌላ በምን ልውጣ? ሠራተኛ በፊት ለፊቱ በር አይገባም፣ በፊት ለፊቱ ደረጃ አይወጣም። የጌታዬ ትእዛዝ ነው።»

«የመለሰልሽ ድምፅ ምን አለ? ቃል በቃል።»

«‹ሻንጣ ነው የወደቀው፤ እኔ አነሳዋለሁ።›»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝና?»

«እንግዲያው ከእኔና ከአንቺ አይውጣ» አለቻት መርማሪዋ፤ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዛ አብራት አጠፈች።

ልብስ ሰፊው እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሻዩ ቀዝቅዟል። አስተናጋጁ የካርድ ማሽኑን ሲያቀርብላቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ አነበቡ፣ የታችኛውን ቁልፍ በሌባ ጣታቸው ጫን አሉት።

«ምን ጠየቀዎት ጋሼ?»

«‹በአገርህ ገንዘብ ወይስ በዚህ አገር?› ይላል። አዛኝ ቅቤ አንጓች! በአገሬ ካልኩት የሚመነዝርልኝ ባለማሽኑ ነው፣ እሱ በወደደው ዋጋ። በዚህ አገር ካልኩት ባንኬ ይመነዝረዋል፤ ይረክሳል። ወዳጄ ያስተማረኝ ነው። ‹በሰው አገር፣ በሰው ገንዘብ!› ይል ነበር። እኔ ደግሞ ‹ቀስ በል፣ የሰማ ሰው ሌባ ይለናል› እለዋለሁ፤ ይስቃል።» ፈገግታቸው መንገድ ላይ ቀረ።

«ትናንት እራት ላይ ተጨቃጨቃችሁ ይላሉ።»

«አርባ ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀናል፤ ጨዋታችን እሱ ነው። ትናንት ግን ጭቅጭቅ አልነበረም። ጥሬ ገንዘቤን አስመንዝሬ ነበርና ‹ለመቶው ስንት ሰጡህ?› አለኝ። ‹ሰማንያ› አልኩት። ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ነገር አለ።»

«ማን መነዘረልዎት?»

«የእህቱ ልጅ ነዋ። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ባንክ ወረፋ የሚቆምልን እሱ ነው።»

የእህትየው ልጅ ደግሞ መልከ መልካም፣ አፈ ቅቤ ጎረምሳ ነው። ለመርማሪዋ ሻይ አዘዘላት፤ ልክፈል ብትል በጄ አላለም።

«ኧረ ነውር ነው፣ እርስዎ ለኛ ሲደክሙ!» ካርዱን ከማሽኑ ጋር አስነካ። ማሽኑ ጢው ብሎ ጠየቀው። እሱም ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሳ የላይኛውን ቁልፍ ተጫነ።

«ምኑን መረጥክ?»

«የአገሬን ገንዘብ። የማውቀው ይሻለኛል። ይሄ የአጎቴ የምንዛሪ ትምህርት አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም፤ ለነገሩ በካርድ የሚከፍለው ሁልጊዜ እሱ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከአራት ተኩል እስከ ሰባት ከጋሼ ጋር ሙዚየም። ለደቂቃ አልተለያየንም፤ ይጠይቋቸው።»

«ጠይቄያለሁ፤ እውነትህን ነው። ከዚያ በፊትስ?»

«ተኝቼ ነበር። ግን አጎቴ እስከ አራት ከሃያ በሕይወት ነበር አይደል? ከዚያ በፊት ብተኛ ብነሳ ምን ይለውጣል?»

«ምንም» አለች መርማሪዋ፤ የሻዩን ደረሰኝ አጥፋ ወደ ቦርሳዋ እያስገባች።

ከዚያ የመምህሩ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። አልጋው ላይ የተጣጠፈ ፒጃማ፣ ጠረጴዛው ላይ በእርሳስ የተጻፈበት ደብተርና በሽቦ የተያዙ ደረሰኞች። ሃያ ስድስት ናቸው። አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ሃያ ስድስቱም የተከፈሉት በዚህ አገር ገንዘብ ነው፤ በያንዳንዱ ጀርባ የዕለቱ ምንዛሪ በጥንቃቄ ተጽፏል። የጃንጥላውን ደረሰኝ ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። የደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል አገኘች፤ «ለወዳጄ በመቶው 80። ባንኩ 96 ይሰጣል። አሥራ ስድስቱ የት ሄደ? ነገ ልጁን ለብቻው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ በሩ አጠገብ ቆመች።

«ተቀመጪ» አለቻት መርማሪዋ።

«ሠራተኛ እዚህ አይቀመጥም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምስክር ግን ይቀመጣል።»

ተቀመጠች። መርማሪዋ ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ደረደረቻቸው።

«መምህሩ እዚህ አገር በቆዩበት ጊዜ ሃያ ስድስት ጊዜ በካርድ ከፍለዋል። ማሽኑ ሃያ ስድስት ጊዜ ጠይቋቸዋል፣ ሃያ ስድስት ጊዜም ‹በዚህ አገር ገንዘብ› ብለዋል። ጋሼ፣ ወዳጅዎ በችኮላ እንኳን ተሳስተው የላይኛውን ሊጫኑ ይችላሉ?»

«እሱ?» አሉ ልብስ ሰፊው። «ከሚሳሳት ጣቱ ቢቆረጥ ይመርጣል።»

«ሃያ ሰባተኛውን፣ የጃንጥላውን፣ እዩት። የተከፈለው በራሳቸው አገር ገንዘብ ነው። ጀርባው ላይ አንዲት ቁጥር የለችም። ስለዚህ በአራት ከሃያ ያንን ቁልፍ የተጫነው ጣት የመምህሩ አይደለም። ካርዳቸው ገበያ ወጥቷል፤ ባርኔጣቸውም ወጥቷል። እሳቸው ግን እዚያው ደረጃው ሥር ነበሩ። ወረቀቱ በሕይወት ነበሩ ማለቱ ከቀረ ደግሞ የቀረን የዚህች ሴት ቃል ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ወለሉን አየ።

«ከአራት ተኩል በኋላ የት እንደነበሩ የሚያስመሰክሩ፣ ከዚያ በፊት ግን ምስክር የሌላቸው ሁለት ሰዎች አሉ። መምህሩ በአራት ከሃያ በሕይወት እንዲታዩ የሚፈልግ ከሁለቱ አንዱ ነው። ደረሰኙንና ጃንጥላውን ሬሳው ዘንድ ሊያኖር የተመለሰውም በመምህሩ የክፍል ቁልፍ ነው፤ የእንግዳ ቁልፍ የጓሮውንም በር ይከፍታል።» የሻዩን ደረሰኝ ከቦርሳዋ አውጥታ ከጃንጥላው አጠገብ አኖረችው። «ጋሼ ዛሬ የታችኛውን ቁልፍ ተጫኑ። አንተ የላይኛውን።»

«ለሻይ የተጫንኩት ቁልፍ ገዳይ ያደርገኛል?» ጎረምሳው ሳቀ። «ደግሞስ የማንን ቃል ነው የሚያምኑት? ሻንጣ ወደቀ የተባለችውንና ዝም ብላ የሄደችውን?»



«ሻንጣ?» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «ስለ ሻንጣ ማን አወራ? ያንን ቃል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ የሰማችው እሷና የነገረችኝ እኔ። ሦስተኛው የተናገረው ሰው ነው።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነሳች። «እሱ ነው። ድምፁ እሱ ነው!»

ጎረምሳው ቅቤው አለቀበት።

«ልገድለው አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ጋሼ ፊት እንዳላፍር ብሎ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ‹የወሰድከውን ራስህ ንገረው፤ አለዚያ እኔ እነግረዋለሁ› አለ። ክንዴን ያዘኝ፣ ገፋሁት።»

«አጎትህ ‹በሰው አገር በሰው ገንዘብ› ሲሉ ስንት ጊዜ ሰማህ?» አለችው መርማሪዋ። «ትምህርቱን ብትሰማ ኖሮ የታችኛውን ቁልፍ ትጫን ነበር፤ እኔም አላገኝህም ነበር። አንተ ግን የሰማኸው ‹በሰው ገንዘብ› የሚለውን ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊው ቀና ሳይሉ «ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር'ኮ፣ ልጄ» አሉ።

ፖሊሶቹ ጎረምሳውን ይዘው ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ከኪሱ ያወጣው ወረቀት ሌላ ነው፤ አዲስ የተተየበ።

«እንግዲህ ያለፈው አለፈ» አላት ለጽዳት ሠራተኛዋ። «በሆቴሉ ላይ ቅሬታ የለኝም ብለሽ ፈርሚና ሥራሽን ቀጥዪ። አልፈርምም ካልሽ የወር ደሞዝሽን ተቀብለሽ በሰላም ሂጂ። ሁለት ምርጫ ሰጥቼሻለሁ።»

መርማሪዋ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

የጽዳት ሠራተኛዋ ወረቀቱን አነበበች። ከዚያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የቀረውን የካርድ ማሽን አየች።

«ጌታዬ፣ እርስዎም እንደዚህ ማሽን ሆኑ» አለች። «የትኛውንም ብጫን የምከስረው እኔ ነኝ።» ወረቀቱን እንደ አንሶላ አራት አጥፋ መለሰችለት። «አልፈርምም፤ አልሄድምም። ነገ በአንድ ሰዓት ሥራ እገባለሁ፣ የምገባውም በፊት ለፊቱ በር ነው።»